የቤት ወይን፤ ከተከላው እስከ ጋኑ

አባቶቻችን ከወይን ፍሬ የሚወጣውን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብለው ሲሰይሙት የማሩን ጠጅ መለኪያ አድርገው ነው። ይህ አጠራር ለቤት እመቤቶቻችን ሙያ የተሰጠ ምስክርነት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ ጭማቂን ወደ ጠጅነት የሚለውጠው የመፍላት ጠባይ በየማጀታችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነውና። ጋን ማጠብ፣ ሲፈላ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ፣ ክዳኑን መምረግ፣ ሲጠራም ከአተላው መለየት፤ እነዚህን ሁሉ የምታውቅ ሴት የወይን ጠጅን ጥበብ እኩሌታውን ታውቃለች። የቀረው እኩሌታ ያለው በእርሻው ላይ ነው፤ ዛሬም አብልጠን ልንናገር ያሰብነው ስለ እርሱ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በቤተ ሰብ አቅም ወይን ጠጅ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ምክር ሲጠይቁን ሰንብተዋል። ከእነዚህም አንዱ፣ ስለ ትጋታቸው የምናከብራቸው አባወራ፣ የዕድሜያቸውን ቁጠባ ይዘው የመጭመቂያ መሣሪያና የብረት በርሜል ዋጋ ሲያጠያይቁ አገኘናቸው። «ተክሉስ የት ነው?» ብንላቸው «እርሱ ምን ችግር አለው፣ መምህር፤ ይደርሳል» ብለው መለሱልን። ተክሉ መድረሱንስ ይደርሳል። የሚደርሰው ግን በራሱ ቀን ነው፤ እስከዚያም ድረስ በርሜሉ ባዶውን ቆሞ ገንዘቡን ይበላል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ የተናገረለት ባለ ወይን እንኳ መጥመቂያውን ያዘጋጀው መሬቱን አሰናድቶ፣ ምርጡን ወይን ተክሎና ግንቡን ሠርቶ ካበቃ በኋላ ነበር። የሥራው ቅደም ተከተል ከዚያን ዘመን ወዲህ አልተለወጠም።

ወይን ከዘር አይተከልም፤ ከደኅና እናት ሐረግ በተቆረጠ ቀንበጥ ይተከላል እንጂ። ቀንበጡ ሥር ሰድዶ፣ ግንዱ በካስማ ተደግፎ ከቆመ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ለመጭመቅ የሚበቃ ፍሬ ይሰጣል፤ ሙሉ ምርቱ የሚታየው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ነው። በሞቃቱ የአገራችን ክፍል በሁለተኛው ዓመት እንኳ ዘለላ ሊወጣ ይችላል። ብልህ ገበሬ ግን ይህን የመጀመሪያ ዘለላ ገና በአበባው ሳለ ይቀጥፈዋል፤ ሕፃን ተክል ፍሬ ሲሸከም ሥሩ ይቀጭጫልና። በኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሕግ ለሚበላ ፍሬ የተተከለውን ዛፍ ሁሉ እስከ ሦስት ዓመት ፍሬውን እንዳይበሉ ይከለክላል፤ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነው፤ ባለቤቱ የሚበላው በአምስተኛው ነው። የሕጉ ምሥጢር ከግብርና በላይ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ይህን ቍጥር ለሚቆጥር የወይን ገበሬ እርሻው አይጎዳበትም።

እንግዲህ አምስት ዓመት ያለ ገቢ መቆየት የማይችል ቤተ ሰብ ወይን መትከል የለበትም ማለት ነውን? አይደለም። በወይን ብቻ ለመኖር መነሣት የለበትም ማለት ነው። በተራዎቹ መካከል ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቄላ፣ ምስር ወይም አደንጓሬ ሊዘራበት ይችላል፤ እነዚህ ጥራጥሬዎች መሬቱን በናይትሮጅን ስለሚያበለጽጉ ሁለት ጥቅም አላቸው። ከግንዱ አጠገብ ግን ክንድ ያህል ቦታ ባዶ ይተውለት። መምህሩ ደመወዙን፣ ነጋዴውም ሱቁን ሳይለቅ በመቶ ተክል ቢጀምር እንመክራለን።

ስለ ስፍራው እንናገር። ወይን ጠላቱ እርጥበት ነው። የክረምቱ ዝናብ በሚጠናበት ደጋ ተክሉ ይለመልማል፤ ፍሬው ግን ሻጋታ ይይዘዋል። ለዚህ ነው በአገራችን ትልልቆቹ የወይን እርሻዎች በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ወንዝ አካባቢ የተተከሉት። በዝዋይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዘሮች አስተክሎ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አወጣ። ብዙ ገንዘብ ያለው ኩባንያ እንኳ ተክሉን ለዓመታት መጠበቁን ልብ ይሏል።

በአውሮጳ ወይኑን የሚያስተኛው ብርዱ ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ ክረምቱን ያርፋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ወይኑ እንቅልፍ አያውቅም። እንቅልፉን የሚሰጠው ገበሬው ነው፤ ይኸውም ውኃውን ቀንሶ በኋላም በመግረዝ ነው። ከተገረዘበት ቀን አንሥቶ ፍሬው እስኪበስል ድረስ አራት ወይም አምስት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ መከሩ በየትኛው ወር እንዲውል ከፈለግን ወደ ኋላ ቆጥረን በዚያ ቀን እንገርዛለን። ዝናቡ ካባራ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መባቻ የተገረዘ ሐረግ በየካቲት አካባቢ ለመከር ይደርሳል፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በሚሆንበት በበጋው ወራት ይበስላል ማለት ነው። የበልግ ዝናብ ቀድሞ በሚመጣበት ስፍራ የሚኖር ደግሞ መግረዙን ትንሽ ያስቀድም። ይህ ቀን የመቁጠር ነገር ባሕረ ሐሳብ ለለመዱ ሰዎች አስቸጋሪ አይደለም።

ሻጋታ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አመድ መስሎ ቅጠሉን የሚያለብሰው በድኝ ዱቄት ይከላከሉታል። ሌላው፣ ከቅጠሉ በታች ነጭ ጥጥ መስሎ የሚታየው፣ ከአሜሪካ ወደ አውሮጳ ተሻግሮ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የፈረንሳይን እርሻ አስጨንቆ ነበር። የመድኃኒቱ አገኛኘት ያስቃል። በቦርዶ አውራጃ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬያቸውን እየቀጠፈ ቢያስቸግራቸው፣ መርዝ እንዲመስል ብለው በመንገድ ዳር ያሉትን ተራዎች በመዳብና በኖራ ውሕድ ይረጩአቸው ነበር። ሚያርዴ የተባለ የዕፀዋት ሊቅ በመንገድ ዳር ያሉት ብቻ ከበሽታው መዳናቸውን አየና መርምሮ በ1885 ለዓለም አስታወቀ። የትምህርት ቤታችንን አጥር ተንተርሶ የበቀለውን ወይን ገና በጥሬው የሚጨርሱትን ልጆች ባሰብን ቍጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል። መዳብ ግን በብዛት ሲረጭ በአፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በልክ ነው። ከመድኃኒት ይልቅ ነፋስ እንዲያልፍ ተራዎቹን ማራራቅና በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ማሳሳት ይቀድማል።

ከሁሉ የሚያሰጋን ግን ሌላ ነው። ከውጭ አገር ሲመለሱ የወይን ቀንበጥ በሻንጣ ሸሽገው የሚያመጡ ሰዎች እንዳሉ እንሰማለን። ፊሎክሴራ የምትባል ለዐይን የማትጎላ ነፍሳት እንዲሁ ከተክል ጋር ከአሜሪካ ተጭና በመምጣት ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮጳን የወይን ሥር በላች፤ ሺህ ዓመት የቆዩ እርሻዎች በጥቂት ዓመታት ደረቁ። መፍትሔ የተገኘው የአውሮጳውን ቀንበጥ ነፍሳቷን በሚቋቋመው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ በማጣበቅ ነበር። ቀንበጥ የሚፈልግ ሰው በመንግሥት የዕፀዋት ምርመራ ያለፈውን ይግዛ። በሻንጣ የመጣ አንድ ቀንበጥ የጎረቤትንም እርሻ ሊያጠፋ ይችላል፤ ይህ በጎረቤት ላይ የሚደረግ በደል ነው።

አሁን መጠኑን እናስላ። ሩብ ሄክታር ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በተራና በተራ መካከል 2.5 ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 1.5 ሜትር ቢተው 660 ያህል ተክል ይይዛል። እያንዳንዱ 3 ኪሎ ቢሰጥ 2,000 ኪሎ ያህል ፍሬ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ፍሬ ከ60 እስከ 65 ሊትር ወይን ጠጅ ስለሚገኝ ከዚህ 1,200 ሊትር ያህል፣ ይኸውም ባለ 75 ሳንቲ ሊትር 1,600 ጠርሙስ ይወጣል። እንግዲህ የቤተ ሰብን ልክ የሚወስነው እጅ ነው። ወይን ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ቢውል ይበላሻል፤ በማለዳ ተለቅሞ በዚያው ቀን መጨፍለቅ አለበት። 2,000 ኪሎ በአንድ ማለዳ ለመልቀም ስምንት ወይም አሥር ብርቱ ሰው ይፈልጋል፤ እነዚህን ከልጆች፣ ከአማቾችና ከጎረቤት በደቦ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በላይ የተከለ ቅጥረኛ ያስፈልገዋል፤ ሥራውም የቤተ ሰብ መሆኑ ይቀራል። ለመጀመሪያ ግን መቶው ተክል ይበቃል፤ 300 ኪሎ ፍሬ፣ 180 ሊትር፣ 240 ጠርሙስ ነው። ይህን ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ቤት አይፈርስም።

ወደ ማጀቱ እንግባ። ጠጅ የምትጥል እናት ሦስት ልማዷን ትታ መግባት ይኖርባታል። አንደኛ፣ በወይን ውስጥ ውኃ አይጨመርም፤ ውኃው በፍሬው ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ ጌሾ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ጋኑ በወይራ አይታጠንም፤ የጢሱ ሽታ የወይኑን ጠረን ይውጠዋልና። እርሾውም ቢሆን ከፍሬው ልጣጭና ከመጥመቂያው ዕቃ ሊገኝ ይችላል፤ እርግጠኛነትን የሚሻ ግን ለወይን የተዘጋጀ ደረቅ እርሾ ይጨምራል። መፍላት የሕያው ፍጥረት ሥራ መሆኑን፣ የወይንም መበላሸት ከሌሎች ረቂቃን ሕያዋን የሚመጣ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1866 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

የፍሬውን መብሰል በምላስ ብቻ ከመፍረድ ይልቅ ጭማቂውን በሃይድሮሜትር መለካት ይሻላል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ከመቶ አንድ አልኮል ይሆናል፤ 200 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ከመቶ 12 ያህል አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ይሰጣል። ቀዩ ወይን ተጨፍልቆ ከነልጣጩ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ከአምስት እስከ ዐሥር ቀን ይፈላል። በዚህ ጊዜ ልጣጩ ወደ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይጋገራል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ እንጨት ወደ ታች መግፋት ያሻል፣ አለዚያ ይሻግታል። ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ያለ ልጣጩ ይፈላል። ሙቀቱ ለቀዩ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ ወደ 35 ከደረሰ እርሾው ይዳከማል፣ ይሞታልም። በቆላ ያለ ሰው በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያቀዝቅዘው።

መፍላቱ ሲበርድ ይጨመቃል፤ ከዚያም እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ ይከደናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው። በግማሽ ዕቃ የተቀመጠ ወይን ጠጅ አየር እያገኘ ሆምጣጤ ይሆናል፤ ለሰላጣ የሚበጅ አቼቶ እንጂ ለማዕድ የሚቀርብ መጠጥ አይወጣውም። በየጊዜው እየጎደለ የሚሄደውን በሌላ ወይን መሙላት፣ ሲጠራም ከዝቃጩ ላይ ማጥለል የዓመቱ ሥራ ነው። ለመጠበቂያ ፖታሲየም ሜታቢሰልፋይት የተባለው ዱቄት ይጨመራል፤ ለ100 ሊትር 9 ግራም ያህሉ በሊትር 50 ሚሊግራም የድኝ ጋዝ ይሰጣል፤ ከዚህ አብዝቶ መጨመር አያስፈልግም። አስም ያለበት ሰው ይህን ማወቅ ስላለበት በጠርሙሱ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ስለ ዕቃው ሁለት ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ወይን ኮምጣጣ ስለ ሆነ ከዚንክ ከተለበጠ ባልዲ፣ ከመዳብና እርሳስ ካለበት ቅብ ሸክላ መርዝ አሟሙቶ ያወጣል፤ ስለዚህ የማይዝገው ብረት፣ ብርጭቆ፣ እንጨት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው የነፍስ ጉዳይ ነው። የሚፈላ ወይን የሚያወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በዝግ ክፍልና በጉድጓድ ወለል ላይ ይተኛል። ቀለም የለውም፤ ነገር ግን አፍኖ ይገድላል። በርና መስኮት ሳይከፈት፣ ሁለተኛ ሰው በደጅ ሳይቆም ማንም ወደ መጥመቂያው ቤት አይግባ። ጧፍ አብርቶ መፈተን የቆየ ልማድ ቢሆንም በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

በቅብ የሌለው የሸክላ ዕቃ ከሆነ ግን የጆርጂያን ሰዎች ማንሣት ይገባናል። በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችው ይህች አገር ክቬቭሪ የሚባል፣ እንቍላል የመሰለ ታላቅ ጋን አላት። ውስጡን በሰም ቀብተው እስከ አፉ ድረስ በመሬት ውስጥ ይቀብሩታል፤ ጭማቂውን ከነልጣጩ ከፍሬው ጋር አምስት ስድስት ወር ያቆዩበታል። አፈሩ ሙቀቱን ስለሚያስተካክለው መብራትም ማቀዝቀዣም አይጠይቅም። ሊቃውንት በ2017 ባሳተሙት ጥናት በዚያች አገር የተገኘ የሸክላ ስባሪ ከ8,000 ዓመት በፊት ወይን እንደ ያዘ አስረድተዋል፤ የክቬቭሪውንም ጥበብ ዩኔስኮ በ2013 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ2006 ሩስያ የጆርጂያን ወይን ጠጅ ከገበያዋ ስታግድ ታላቁ ደንበኛ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በብዛት ከመሸጥ ይልቅ በጥራት መሸጥን መረጡ፤ በቤተ ሰባቸው ስም ጥቂት ጠርሙስ የሚያወጡ ትንንሽ ቤቶችም በረከቱ። ሰምም ሸክላም እኛ ዘንድ ሞልተዋል። የሸክላ ሠሪዎቻችን እጅም ከማንም አያንስም፤ ለሙያቸው የሚገባውን ክብር መንፈጋችን ግን ያሳዝነናል።

እርሻው ዓመት ከዓመት እንዲቀጥል ከሚወጣው ሁሉ የሚጣል የለም። የተጨመቀው ልጣጭ ከፍግ ጋር ተከምሮ ሲበሰብስ ወደ ተክሉ ሥር ይመለሳል። የተገረዘው ሐረግ ለምጣድ ማገዶ ነው። ዕቃ የታጠበበት ውኃ ወደ ጓሮ ዛፍ ይሂድ። ውኃ በሚያጥርበት ስፍራ የጠብታ መስኖና በግንዱ ዙሪያ የተጎዘጎዘ ጭድ ብዙ ይቆጥባል።

ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ማውጣትና የኤክሳይስ ታክስ ማሰብ አለበት፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል። በቤት ውስጥ ያለው ሕግ ግን ከዚህ ይጠብቅ። ከጥፋት ውኃ በኋላ የመጀመሪያውን ወይን የተከለው ኖኅ በገዛ ወይኑ ሰክሮ በልጁ ፊት ዕርቃኑን እንደ ታየ መጽሐፍ አልሸሸገም። የጋኑ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ የሚወጣው ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ከቤቱ ሰዎች አንዱ መጠጥ የሚያሸንፈው ከሆነ ወይኑን በፍሬው መሸጥ ወይም ማድረቅ እንጂ መጥመቁን ጨርሶ መተው ነው፤ በዚህ ላይ ማባበል የለብንም።

ማድረቅ ካልን ዘንድ ስለ ዘቢብ እንጨምር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዳሴ የሚቀርበው በቤተ ልሔም ከተዘፈዘፈ ዘቢብ የሚጨመቀው ነው፤ ስለዚህ ከጋን የወጣውን ወይን ጠጅ ይዞ ወደ ቤተ ልሔም መሄድ አይገባም። በዲቁናችን ዘመን ዘቢብ ያጠብን ሁሉ እንደምናውቀው ከሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እንዳይጣበቅ በዘይት የተቀባ ነው፤ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ያስቸግራል። በራሱ ጓሮ አንድ ዳስ ወይን ያለው ቤተ ሰብ ግን፣ መጥመቂያ ሳይኖረው፣ በሦስተኛው ዓመት ፍሬ አጥቢያውን ሊረዳ ይችላል። በደንብ የበሰለው ዘለላ ከነግንጣዩ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ ተሸፍኖ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ፣ ማታ ማታም ከጤዛ እየተነሣ ይደርቃል። ከ4 ኪሎ እርጥብ ፍሬ 1 ኪሎ ያህል ዘቢብ ይገኛል። ሲጨብጡት ጭማቂ የማይወጣው፣ ሲለቁትም የሚዘረጋው ደርሷል ማለት ነው፤ ግንጣዩና የተሰነጠቀው ተለቅሞ በጥብቅ በሚከደን ማሰሮ ይቀመጣል።